ለአቶ ለይኩን፦ ፓርቲ ስለተባለው ለቅሶዬ

ለተከበሩ አቶ ለይኩን
ከፌርፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ የሚገኘው የእንግዶች አፓርታማ ሥራ አስኪያጅ፣ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ)

በቅድሚያ የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍ እንደልብ እያገኙ ነው? እኛ ቤታችን ላስ ቬጋስ በሰላም ገብተናል። ጽሕፈት ስለማይቀናኝ ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ ጊዜ ወስዶብኛል። ቁልፉን ሲሰጡን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ያሉን በአማርኛ ስለነበር እኔም በአማርኛ ጻፍኩት፤ የፌርፋክስ ሐበሻም እግረ መንገዱን ቢያነበው ቅር አይለኝም።

ቤትዎ ያማረ ነው። ማድ ቤቱ የተሟላ፣ አንሶላው ንጹሕ፣ ሶፋው ደግሞ ብዙ ሰው የሚችል ነው። ብዙ ሰው መቻሉን ያወቅነው ስለሞከርነው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ልጄ ፊሊሞን እዚያው እናንተ ከተማ፣ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። በየካቲት ወር በመኪና አደጋ ካረፈ ወዲህ እኔ ከቤት መውጣት ትቼ ነበር። እህቱ ሐሌታ «ማሚ፣ ኤልኤ ሄደን ዊኬንዱን ሪላክስ ታደርጊያለሽ፣ ባሕር እናያለን፤ ሶ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ከነአባቷ ይዛኝ መጣችና ቤትዎን ተከራየች። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ዳቦ ልገዛ ፌርፋክስ ብወጣ ከድሮ ወዳጃችን ከእትዬ የሺሃረግ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እትዬ የሺሃረግ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ላስ ቬጋስ ድረስ መጥተው ለቅሶ አልደረሱኝም ነበር፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደግሞ ሐዘንተኛ መንገድ ላይ አግኝቶ «ሃይ» ብሎ እንደማያልፍ እርስዎም አይጠፋዎትም። እዚያው አስፋልት ዳር አልቅሰን፣ አድራሻ ተቀብለውኝ ሄዱ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቫን ናይስም በርባንክም ያለው ሐበሻ ሰምቶ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሁሉ እርስዎ ቤት መጣ። ባሕሩን አላየነውም።

ከሄድን በኋላ ሌሎች አከራዮች እንዲያዩት በኪራዩ ድረ ገጽ በሐሌታ ስም ላይ ለጻፉት አስተያየት በየተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ «ያልተፈቀደ ፓርቲ» ስላሉ አመሰግናለሁ። በበሩ ካሜራ ያዩዋቸው ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ «አንተ ቅደም፣ ኧረ አንቺ ግቢ» እየተባባሉ ደጁን የዘጉ ሰዎች ነበሩ። እዚህ አገር ብዙ ስለቆዩ ረስተውት ከሆነ አልፈርድብዎትም። ሰው እያለቀሰ የሚገባበት ፓርቲ የሚያውቁ ከሆነ ግን አድራሻውን ቢልኩልን እኛም እንሄዳለን።

ሁለተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛዎን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዳኜ ዩኒፎርሙን ሲያይ ከሥራ በቀጥታ ለለቅሶ የመጣ ሰው መስሎት፣ እጁን ይዞ ሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጠው። ሰውየው በእንግሊዝኛ ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር እትዬ የሺሃረግ «ብላ እንጂ የኔ ልጅ፣ ሥራ ውለህ መጥተህ» እያሉ ሳህኑን ይሞሉለት ነበር። ሐሌታ ከማድ ቤት ወጥታ ነገሩን ብታስረዳው ኮፍያውን አወለቀ፤ ሳህኑን ጨርሶ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ። ከመጡት ሁሉ ስሙን የማላውቀው የእሱን ብቻ ነውና እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

ሦስተኛ፣ «ሙዚቃና ጭብጨባ» ያሉት መዝሙር ነው። ጴንጤዎች ነን፤ ሲከፋንም እናጨበጭባለን።

አራተኛውን አልክድም። «እስከ ኮሪደሩ የሚሰማ የሴት ሳቅ» ብለዋል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ፊሊሞን በየእሑዱ ሲደውልልኝ ከኋላው መዝሙር ይሰማኝ ነበር፤ ልጄ ከቸርች ሳይወጣ ደወለልኝ እያልኩ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ማቲያስ ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ መዝሙሩን በስልኬ ፕሌይ የማደርግለት እኔ ነበርኩ፣ እሱ አልጋ ውስጥ ነው የነበረው» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ልታዝን ነው ብሎ ሶፍት ሊያቀብለኝ ተንጠራራ። እኔ ግን የቸርቹ ኳየር በየሳምንቱ ያንኑ አንድ መዝሙር ብቻ ይዘምር የነበረበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝና ሳቄ አመለጠኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎረቤቶችዎን ረብሼ ከሆነ ይቅርታ፤ ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ እኔም ረስቼው ነበር።

አቶ ለይኩን፣ እስከዚህ ያለውን እንደ ጨዋታ ይዩልኝ። የሐሌታ ግን ጨዋታ አይደለም። ልጅቷ ወንድሟ መሞቱን ገልጻ፣ ለፓርቲው ይቅርታ ብላ ጻፈችልዎ። እርስዎም «ሕግ ሕግ ነው» ብለው መለሱላት፤ አጭርና የማያሻማ ስለሆነ እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ክፍሌ እየመጣች «ማሚ፣ ዊኬንዱን ስላበላሸሁብሽ ሶሪ» ትለኛለች። ምንም አላበላሸሽም ብላት የእናቷን አማርኛ ትታ የእርስዎን እንግሊዝኛ ታምናለች። የተበላሸ ነገር የለም። እኔን ከቤት ያወጣችኝ እሷ ናት፤ እሷ ባታወጣኝ ያን ሳቅ አልስቀውም ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለእሷ፣ በሚያምርብዎ እንግሊዝኛ፣ «ፓርቲ አልነበረም፣ አንቺም አላጠፋሽም» ብለው ይጻፉላት። ከእኔ ሲሆን ማባበል ይመስላታል። እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ሳቁንም አያጥፉት፣ በእኔ ስም ይመዝገብልኝ።

ለመስተንግዶዎ፣ ለንጹሑ አንሶላና ለማያወላዳው ሕግዎ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ሥራዎ እንዲሰፋ፣ ቤትዎም እንግዳ እንዳያጣ ከልብ የምመኝልዎ፣

ወርቅውሃ
የፊሊሞንና የሐሌታ እናት
ላስ ቬጋስ

እንደገና፦ ከኤልኤ ሰው ሐዘኔን እያወቀ ያልመጣ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል። ዳኜ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካሜራ ሲከታተሉን ስለዋሉ እንደደረሱ ይቆጠርላቸው» ይላል። እትዬ የሺሃረግ ግን «እህል ያልቀመሰ አልደረሰም» ብለው ቆርጠዋል። እኔ ለማንም አላደላሁም። ላስ ቬጋስ ብቅ ሲሉ ይግቡ፤ ከስንት ሰው ጋር እንደመጡም አንጠይቅዎትም።