በቀይ የተጻፈው ስም

ጥር 9 ቀን 2010፣ ቢቸና
ጥፋተኛው ፋንታ ነው። የሟች ባሌ የአካለ ወልድ ወንድም። ምስር ስለቅም መጥቶ፣ «የአካለ ወልድን ዳዊት ለገዳም ልሰጠው ነው» አለኝ። ባሌ በእጁ የጻፈው ነው፤ ቁም ጸሐፊ ነበር። ገዳሙ ሴት አይገባበትም… ከዚያ ወዲያ በምን አየዋለሁ?
«ለሳምንት አውሰኝ።»
«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ማንበብ የቻልሽው?»
በሃምሳ ስድስት ዓመቴ። ወንድምህ ሊያስተምረኝ ስላልፈለገ። አላልኩትም። ሰጠኝ።

ጥር 14
ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓይኔ አይለየውም። መጨረሻው ላይ ጸሎት አለ፣ የሚጸልይላቸው ሰዎች ስም በቀይ የገባበት። የእኔ ይኖር ይሆን? ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ቀን አልነገረኝም። ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ባይኖርስ? በሰው ፊት?

ጥር 16፣ ሞጣ
የእህቴ ልጅ ታደለ ኮምፒውተር ቤት አለው። ገጹን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፈ።
«ይሄ ከፎቶው ላይ ፊደሉን ለቅሞ ያወጣዋል፣ አክስቴ። ከዚያ አተልቄ በወረቀት አትምልሻለሁ።»
«አንተ ሳታነበው?»
«ማሽኑ ነው የሚያነበው።»
ደስ አለኝ። ማሽን ሰው አያማም። ዳዊቱን ነገ ለፋንታ እመልሳለሁ።

ጥር 27
ወረቀቱ ደረሰኝ። ፊደሉ ጥፍሬን ያህላል። ግማሹ ስህተት ነው፤ ይሁን። መጨረሻው ገጽ «ዕቀባ ለአመትከ» ይላል። ሴት ባሪያህን ጠብቃት። ከዚያ… ባዶ።
የትኛዋን ሴት? እኔን፣ በክርስትና ስሜ አመተ ሥላሴን? ወይስ ከእኔ በፊት አግብቷት የነበረችውን ማናለሽን?
ታደለ ጋ ደወልኩ። «ማሽኑ እንዲያነበው ብዬ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግሁት፣ አክስቴ። ቀዩ ደብዝዞ ነበር፣ አብሮ ጠፋ።»
«የመጀመሪያው ፎቶስ?»
«ስልኬ ሞላብኝና…»

የካቲት 3
ፋንታ ቤት ሄድኩ። ዳዊቱ ሰኞ ሄዷል።
«ምን ፈልገሽ ነበር? ልላክና ልጠይቅልሽ?» እየሳቀ።
«ምንም» አልኩ። ምን ልበለው? ባሌ ያስበኝ እንደነበር ጠይቅልኝ?

የካቲት 24
ሙት ዓመቱ። አባ ወልደ ኪዳን ከቅዳሴ በፊት በር ላይ አገኙኝ።
«ወይዘሮ ውበቴ፣ የአካለ ወልድን ስም እንደ አምናው ልጥራው?»
ዘጠኝ ዓመት ሳስጠራው ኖሬአለሁ። እሱ የማንን ሲጠራ እንደኖረ አላውቅም። አሁን ደግሞ መቼም አላውቅም።
«ይቅር፣ አባ» አልኳቸው። ደንግጠው አዩኝ።
ከእንግዲህ ስሙን አላስጠራም።