ቅርጫት ውስጥ የደበቅኩት

ጥቅምት 8 ቀን 2004

ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ተማርን። ሙቀት። መንገዱ ሰሊጥ በጫኑ መኪኖች ተዘግቷል። የወንድሜ የአገኘሁ ኮምፒውተር ዛሬም ለመነሳት ሩብ ሰዓት ፈጀ… ኮኪት ከተማ ሲያስተምር ፈተና የሚያወጣበት ነበር። አሁን የአንተ ነው ይሉኛል። የእኔ? በወባ ከሞተ ገና ወሩ።

ጥቅምት 9

አክስቴ እትዬ ውባንች መጡ። እማዬ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው፣ «አርባው እስኪወጣ ምስሉን አታሳያት፤ እንዳትታመምብን» አሉኝ። የግድግዳውን ፎቶ ራሳቸው አወረዱት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውስ? የአክስቴ ልጆች ዘፈን ፍለጋ የማይከፍቱት ነገር የለም። ፎቶዎቹንም፣ የተቀዳ ድምፁንም ሰርዤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ተውኳቸው። የተሰረዘ ነገር የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ማን ይከፍታል? ከአርባው በኋላ እመልሳቸዋለሁ።

ጥቅምት 12

ጭራሽ አልሠራ አለ። በባጃጅ ጭኜ ጉምሩክ አጠገብ ላለው ጠጋኝ፣ ለሙሐመድጣሂር ወሰድኩት። ነካካውና፣ «ቫይረስ በልቶታል። በማጽጃ ፕሮግራም እጠርገዋለሁ፤ ኸላስ፣ አዲስ ይሆናል» አለ።

«የምትፈልገው ፋይል አለ?»

«የትምህርት ቤት ጽሑፎች ብቻ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? የአገኘሁን ስም ከጠራሁ ሰው ፊት አለቅሳለሁ ብዬ…

ጥቅምት 13

የኮምፒውተር መምህራችንን እሌኒን ጠየቅኳት። «ማጽጃ ፕሮግራም ምን ምኑን ያጠፋል?»

«ጊዜያዊ ፋይሎችን… ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያደርገዋል።»

ደብተሬን ትቼ እስከ ጉምሩክ ሮጥኩ። ድምፁ ሌላ ቦታ የለም። የአገኘሁ ስልክም ከነሚሞሪው ጠፍቷል።

«ጠረግከው?»

«ሰላም አይባልም እንዴ?»

«ጠረግከው ወይ?!»

«ተቀመጥ። ባለቤቱ አጠገቤ ሳይቀመጥ አልጠርግም። አንዴ የአንዲት ሙሽራ ሰርግ አጥፍቼ፣ አባቷ ዱላ ይዘው ድንበሩን አሻግረው እስከ ገላባት አባረውኛል።»

ዝርዝሩን አሳየኝ። ፕሮግራሙ ሊያጠፋ ባሰበው ሁሉ ፊት ምልክት አለ። ሪሳይክል ቢን ፊት ያለውን ግን እሱ አንስቶታል።

«ሁለት መቶ ፎቶ ባንድ ቀን ተሰርዞ? ተጠራጠርኩ። ማን ነው?»

«ወንድሜ። የሞተው።»

«አላህ ይዘንለት።» ከዚያ ደግሞ፣ «አንተ ጅል! ሰው ወንድሙን ቆሻሻ ውስጥ ይደብቃል?»

ሳቅኩ። አለቀስኩም። ሰዎች ነበሩ፣ ግድ አልሰጠኝም።

ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለሰ። ሁለት ሲዲ ላይ ገለበጠ። ሲዲዎቹ መከፈታቸውን አብረን አየን። የጠረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቅምት 14

እፎይ… እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጥቅምት 18

አርባው ትናንት ወጣ። ዛሬ ቤቱ ባዶ ነው። እማዬ ራሷ መጥታ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«ድምፁ አለ አይደል?»

ማን ነገራት?

ከፈትኩት። አገኘሁ ተማሪዎቹን ሲቆጣ… «ከኋላ ያላችሁ! ገበያ ነው እንዴ?» ካለቀሰች ላጠፋው ብዬ እጄን ማውሱ ላይ አድርጌያለሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ያኔ ጉንፋን ይዞት ነበር» አለች። «በል ድገመው።»