አረንጓዴ ነው ያልኩህ ቀሚስ

ወንድሜ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ከቀበርንህ ሁለት ወር ቢሆነንም እማዬ ዛሬም "ያለህበት ሁሉ ብርሃን ይሁንልህ" ብላሃለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት "እሺ" ትለኛለች፣ አትሄድም።

የቅርጻ ቅርጾችህ ኤግዚቢሽን ትናንት ተከፈተ። በሩ ላይ አንተ እንዳልከው "ቀለም" ብለው በትልቁ ጽፈውበታል። ቀይና አረንጓዴ እንደማትለይ ግን ጎብኚዎቹ አያውቁም። "ና እስቲ ዓይኔ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?" እያልክ የምትጠይቀው እኔን ነበር።

ሰው የከበበው እማዬን ልብስ ስትሰፋ የቀረጽክበትን ነው። ቀሚሷን እንደ እውነተኛው አረንጓዴ ልትቀባው የቀለም ጣሳ አንስተህ ስትጠይቀኝ፣ ለኳስ ቸኩዬ ስለነበር ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ "አረንጓዴ ነው" አልኩህ። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ቀይ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳልነግርህ ቀረሁ። እባክህ አትቀየመኝ።

እማዬ ቅርጹ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጨንቆኝ እውነቱን ነገርኳት።

"ቀይ ለብሼ አላውቅም ነበር፤ ዕድሜ ለእናንተ ለበስኩ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ እጄን ይዛ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ወደ ስፌት ሥራዋ ተመለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስቀር የሥራ ክፍልህን ከፍቼ ጠረግኩት። ከዚያ የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ ሳልቸኩል እያየሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀለማቸውን ነገርኩህ።