ስለ እህቴ ጡትና ስለ ፎቶኮፒ ማሽንዎ

ለተከበሩ የውበት ቀዶ ሕክምና ማዕከል ዋና ሐኪምና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፡ የአሥራ አንድ ጥያቄ መልስ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲሰጠን ስለመለመን

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለረዳቶችዎና መግቢያው ላይ ለተሰቀለው ግድግዳ አከል መስታወት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሜን ካልቆጠርነው።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ የእንግዳ መቀበያዎን አግዳሚ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ይዛ በጣቷ መስመር እየተከተለች ስታነብ ያረፈደችው ሴት ነኝ። በሙያዬ ሶፋ አልባሽ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስፖንጅ ቆርጫለሁ፣ ጨርቅ ወጥሬያለሁ። በትምህርቴ ደግሞ የማታውን መሠረተ ትምህርት ከአርባ ሁለት ተማሪ ሁለተኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። አንደኛ የወጡት ጡረተኛ ሹፌር ሲመዘገቡም የመንገድ ዳር ጽሑፍ ሁሉ ያነቡ ነበር፤ ስለዚህ በእኔ ቆጠራ አንደኛዋ እኔ ነኝ። ይህ በዕድሜዬ የጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ለውሃ መሥሪያ ቤት ሲሆን ውሃው በሳምንቱ መጥቷል። ይህን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም፤ ለመመካት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ታናሽ እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ለማስተለቅ ወደ እርስዎ ስትመጣ እኔን ምስክር አድርጋ ይዛኝ መጣች። ገላው የራሷ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ምስጋናዬና ቅሬታዬ ግን በዝርዝር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ ክፍልዎ ገብታ የወጣችው የቀረበልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ፎቶግራፍ አሳይተዋታል፣ ለክተዋታል፣ በትሪ ላይ ከተደረደሩት ሦስት የሲሊኮን ከረጢቶች መካከለኛውን አስመርጠዋታል። ከረጢቱን እኔም በኋላ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አይቼዋለሁ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ይቅርታ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቶሎ ይመለሳል። እኔ ለአንድ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ደንበኛዬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ነው የማነጋግረው። ማን ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይዘልበታል ወይ፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ስፖንጁ ከጊዜ በኋላ እንደሚሟሽሽ ደግሞ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ለካ ይሄ ሁሉ የእኔ ቀርፋፋነት ኖሯል።

ሁለተኛ፤ ለእኔ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። እህቴ አላዋቂነቴ እንዳያሳፍረኝ ብላ፣ እትዬ አታነብም፣ ጣቷን ታሳርፋለች ብላ ለሠራተኞችዎ አስቀድማ ነግራቸው ኖሯል። የማታ ትምህርቴን ብታውቅም እስካሁን ከ“ለ” ያለፍኩ አልመሰላትም። እንግዳ ተቀባይዋም ሰባት ገጽ ወረቀትና የቀለም ሳጥን አቅርባ፣ የእህቴ ፊርማ እንዳለቀና የቀረው የእናቴ ጣት ብቻ እንደሆነ በፈገግታ ነገረችኝ። እናቴ ያለችው እኔን ነው። እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ መነጽሬን ሳወጣ ፈገግታዋ ወዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሦስተኛ፤ ዋናው ይኸው ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ “ሐኪሙ የሚከተሉትን በዝርዝር አስረድቶኛል” ይላል። ከሥሩ አሥራ አንድ መስመር አለ፤ በእያንዳንዱም ፊት የራይት ምልክት ተደርጓል። እያንዳንዱን ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከረጢቱ ዕድሜ ልክ እንደማይቆይና ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ነግረውሻል? አልነገሩኝም። በዙሪያው የሚሠራው ጠባሳ ሊጠብቅና ጡቱን ሊያጠነክረው እንደሚችልስ? ኧረ የለም። ሲሊኮኑ ምንም ሳያሳምም ሊቀደድ ስለሚችል በየጊዜው በምርመራ መታየት እንዳለበት፣ የጫፉ ስሜት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ለካንሰር ምርመራ ስትሄጂ ከረጢት እንዳለሽ መናገር እንዳለብሽ፣ ማደንዘዣውን የሚሰጥሽ ማን እንደሆነስ? እህቴ ለእያንዳንዱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደፊት ጡት ማጥባት ላይ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል፣ አጥብታ የጨረሰች ሴትም ጡቷ ቅርጹን እስኪይዝ ወራት መጠበቅ እንዳለባት ይላል። እህቴ ሁለተኛ ልጇን ጡት ካስጣለች ገና ስድስት ሳምንቷ ነው። ሦስተኛም ትፈልጋለች። ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ታዲያ ራይቱን ማን አደረገው? እህቴ አላደረገችም። በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። የተከበሩ ሐኪም፣ ይህ ጣት ጨለማ ውስጥ የጨርቅ ፊትና ጀርባ ይለያል። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጎድጓድ ይተዋል፤ በጀርባ በኩል ደግሞ እብጠት። የእርስዎ ራይት ግን እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነበር። አጠገባችን ተራ የምትጠብቅ አንዲት አስተማሪ የራሷን ቅጽ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው ራይት ጭራው እንደ መንጠቆ ታጥፏል፤ የእሷም ታጥፏል። አንድ ሰው አንድ ቀን አንዴ ሞልቶት፣ ማሽኑ ደግሞ ለሁላችንም እያስረዳን ኖሯል ማለት ነው። ማሽኑን ስላስተማሩት አመሰግናለሁ። እኔን ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

አራተኛ፤ ስለ ሥርዓትዎ። ነርሷ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ስትወስድ፣ ሐኪሙ ሥራ እንደሚበዛባቸው፣ ያልፈለገ መሄድ እንደሚችል፣ ቅጹም የአሠራር ጉዳይ እንደሆነ አስረዳችን። በዚያን ቀን የተብራራልን ብቸኛ ነገር ይህ ስለሆነ ሳላመሰግን አላልፍም። የእህቴን ቀጠሮም እዚያው ሰረዘችው።

ታክሲ ውስጥ እህቴ አንድ ቃል ብቻ ተናገረችኝ። “እትዬ፣ ማንበብ የተማርሽው የእኔን ቀን ጠብቀሽ ነው?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እኔ መቼም ወሬ እንደምወድ ሰፈር ያውቃል፤ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ከስፖንጅ ጋር ብቻ ሳወራ ከረምኩ። ስፖንጅ ደግሞ ለቀልድ አይስቅም።

አምስተኛ፤ ከማዕከልዎ ተደውሎ ለሰኞ እንደተቀጠረችና ሌላ ምስክር ይዛ እንድትመጣ እንደተነገራት ከጎረቤቷ ሰማሁ። ምስክሯ ያቺው ጎረቤቷ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ማንበብ አትችልም እንጂ ጣት አላት። ምርጫዎን አደንቃለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ እህቴን ማደንዘዣ ከመውሰዷ በፊት፣ ልብሷን እንደለበሰች፣ ወንበር ላይ ያስቀምጧትና አሥራ አንዱን መስመር በአንደበትዎ ይንገሯት። የትኛው ለእሷ እንደሚያሰጋት፣ ወራት መጠበቅ እንዳለባት ወይም እንደሌለባት፣ አንድ ነገር ቢበላሽ በስንት ሰዓት የት እንደምትሄድ ይንገሯት። ከሰማች በኋላ ይሁን ካለች ይሁን፤ እኔው ምስክሯ ሆኜ እፈርማለሁ፣ መጨረሻው ወደ ላይ ሲነሳ የሚያምረውን ፊርማዬን። አይሁን ካለችም መልካም። ይህን የምጽፈው የሁለት ልጆች እናት እህቴን ለባሏ ዓይን ብላ በምትገባበት ቀዶ ሕክምና እንዳላጣት ስለምፈራ ነው። ቀልዱን ሁሉ ቢያወልቁት ከሥሩ ያለው ፍርሃት ይህ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ሰኞ አግዳሚዎ ላይ የሚቀመጡ ሌሎች ሴቶች ወረቀታቸውን ገልበጥ አድርገው በጣታቸው እንዲዳብሱ ነው።

ለሰጡኝ የግማሽ ቀን የንባብ ልምምድ ዘላለም ባለውለታዎ ሆኜ፣ ስፖንጅ የሞላው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤ ወገቤ ራሱ ያመኛልና ቶሎ ቀና እላለሁ።

የማታው ክፍል ሁለተኛ (በእኔ ቆጠራ አንደኛ)፣ ሶፋ አልባሿ

ግልባጭ፡
– ለእህቴ
– ለማታ ትምህርት መምህሬ፣ ስህተት ካለ እንዲታረም
– ለፎቶኮፒ ማሽንዎ፣ ለመረጃ ያህል

ማሳሰቢያ፡ ደብዳቤውን ልልክ ስል ዛሬ ጠዋት እህቴ ሱቄ መጣች። ግልባጯን ሰጠኋት፤ ያልተሰፋ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብላ “ለባሏ ዓይን ብላ” ከሚለው ሥር አሰመረችበት። “እትዬ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል” አለችኝ። ባሏ ነገሩን ከጅምሩ እንደማይወደው፣ እሷ ግን ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ ስትታጠብ መብራት አጥፍታ እንደምትታጠብ፣ ይህን ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሰኞ እመጣለሁ ብላለች፤ እኔም አብሬያት እመጣለሁ፣ መልስ ሳንሰማ ግን አንፈርምም። ዓረፍተ ነገሩን ላጠፋው ስል ተዪው አለች። ቀዶ ሕክምናውን ለምን እንደፈለገችው ሰባት ገጽ ወረቀትዎ አልጠየቃትም፣ እርስዎም አልጠየቋትም። እኔም እህቷ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ሶፋ አልባሽ ነኝ፤ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት።