«ከተወለደች ጀምሮ» ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ውድ እታለሜ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከክሊኒኩ፣ የሕፃናትን አንገት ከምለካበት ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። አንቺ ሆስፒታል፣ የልጅሽ የድንቡሼ አልጋ አጠገብ ነሽ። ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ጭንቅላቷን ከመክፈታቸው በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

ስምንት ወር ሲሞላት ነበር አንገቷ ወደ ቀኝ ዘመም ያለው። ፎቶዋን ልከሽልኝ «ይቺ ልጄ ምን ሆና ነው እንደ ዶሮ የምታየኝ?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። «አምጫት፣ የአንገት መዝመም ጥናት እየሠራን ነው። ያለ ወረፋ በየሳምንቱ አያታለሁ» አልኩሽ።

ጥናቱ የሚቀበለው ግን አንገታቸው ከተወለዱ ጀምሮ የዘመመውን ብቻ ነው። የእነሱ የጡንቻ መኮማተር ስለሆነ በማፍታታት ይድናል። ቆይቶ የመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ አንጎል መታየት አለበት። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ አንቺ የወደቀ ካልሲዋን ከአልጋው ሥር ትፈልጊ ነበር። ሳልጠይቅሽ «ከተወለደች ጀምሮ» ብዬ ሞላሁት። ውለታ የዋልኩልሽ መስሎኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የአንገቷ መዝመም ሃያ ዲግሪ ነበር። በሦስተኛው ሃያ አራት፣ በስድስተኛው ሠላሳ አንድ። ጡንቻዋን ስዳስሰው ልስልስ ያለ ነው፤ ጉብታም ጥንካሬም የለውም። ታዲያ ምን እየሳባት ነው? አንቺ «ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል» ስትዪኝ «ጥርስ እያወጣች ነው» አልኩሽ። እታለሜ፣ አምኜበት አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

በዘጠነኛው ሳምንት ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ብቅ አሉ። ድንቡሼ ተቀምጣ ስትጫወት ወደ ጎን ዘፍ አለች። አቃናናት፤ ደገመችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንገቷ እንዲህ የሆነው?» አሉ።

«ስምንት ወር ከሞላት ወዲህ ነው» አልሽ ፈጠን ብለሽ።

ዶክተሩ ቅጹን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። በዚያው ቀን ኤም አር አይ የሚባለው የአንጎል ምርመራ ታዘዘ፤ ከአንጎሏ በስተኋላ ዕጢ ተገኘ። አንቺ ኮሪደሩ ላይ አቅፈሽኝ «አንቺ ባትኖሪ ልጄን ቀብሬያት ነበር» አልሽ። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እየጠራሽ ይህንኑ ትነግሪያለሽ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን እቀበላለሁ።

ቀዶ ሐኪሟን ለብቻቸው አግኝቼ «ዘጠኝ ሳምንት ቀድሞ ቢገኝ ኖሮስ?» አልኳቸው። «ያን ጊዜ ትንሽ ነበር። አሁን መተንፈስን የሚያዘው ቦታ ጋ ተጠግቷል» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ለእናትየዋ እኔ ልንገራት?» አሉኝ።

«ከእኔ ትስማው።»

«እንግዲያውስ ዛሬውኑ። ሌላስ እንዲህ አድርገሽ የሞላሽው አለ?»

አለ፤ ሁለት። ከሩቅ መጥተው እንዲሁ ከሚመለሱ ብዬ ያስገባኋቸው ናቸው። የአንዱን እናት በስልክ አገኘኋት፤ ልጇን ይዛ እየመጣች ነው። የሁለተኛው እናት ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ከቀረች አራት ሳምንቷ ነው። ስትቀር መዝገቡ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ? «ተሽሎት ይሆናል።»

ይህን ደብዳቤ ለዎርዱ ነርስ ሰጥቼ የሴትየዋን ቤት ፍለጋ እወጣለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ነገ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ታገኚኛለሽ። ብትሰድቢኝም፣ ብትገፊኝም፣ ድንቡሼ እስክትወጣ ከዚያ አልነቃነቅም።

ለያቺ ሴት አሁንም ደወልኩላት። እየጠራ ነው።

ታናሽሽ