የእሁዱ ስብሰባና የአባዬ ቅጠል

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

አባዬ ዛሬ በላ። አምስት ጉርሻ ገንፎና ግማሽ ብርጭቆ ወተት። አላስመለሰውም። ከአዲስ አበባ ሆስፒታል «ወደ ቤት ውሰዱት» ብለው ከመለሱን ወዲህ እንዲህ ሲበላ አላየሁትም። ጨጓራው ላይ ያለው እጢ አይነካም ብለውናል። ለሕመሙ የሰጡን መርፌ በሳምንቱ አለቀ። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ያለው ይኸው ነው፦ አስፒሪን፣ የወባ ክኒን፣ ፔኒሲሊን፣ የቁስል ቀለም። አስፒሪን ለሱ ሕመም ምን ያደርጋል!

የበላው በቅጠሉ ነው። ስሙን እዚህ ለመጻፍ እንኳ እጄ ፈራ። ሐሺሽ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

የሰጡኝ ቅመም ሻጩ ጋሽ ከድር ናቸው። ሚስታቸው የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ኮረሪማ ልገዛ ብሄድ ፊቴን አይተው «አባትሽ እንቅልፍ አጡ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «በወተት አፍልተሽ፣ አጥልለሽ፣ በሻይ ማንኪያ። ስሙን አትጠይቂኝ።» አልጠየቅኩም። ድሬሰር ነኝ፣ ቅጠሉን አውቀዋለሁ። ለአባዬ «የሀገር መድኃኒት ነው» ብዬዋለሁ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ቀበሌው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በቆሎ መሀል ሐሺሽ ተተክሎ አገኘን ብለው አብዮት ጠባቂዎቹ ከነሥሩ ነቅለው በሩ ላይ ሰቅለውታል። የሥሩ አፈር ገና እርጥብ ነው። ባለግቢው የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

አቶ ሰይፉ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ቢሮ ጠርተው ደብዳቤ አስነበቡኝ። እሁድ ጠዋት የቀበሌው ሕዝብ በአዳራሽ ይሰበሰባል። ርእሱ «ሐሺሽ በሕግ ይፈቀድ ወይስ እንደተከለከለ ይቆይ?» ይላል። «ሰፊው ሕዝብ ሐሳቡን ያለ ምንም ፍርሃት ይገልጻል» የሚልም አለበት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሕጉ የከለከለውን ነገር ምን አስጠየቃቸው?

ከክሊኒኩ አንድ ባለሙያ ንግግር ያድርግ ይላል። «አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«ለምን እኔ?»

«ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አጣርተሽ ትናገሪያለሽ። ሌላ ማን አለኝ?» ይህን ሲሉ ወረቀት ያገላብጡ ነበር እንጂ አላዩኝም። የክሊኒካችን ማኅተም አሁንም በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ይላል። በሱ ላይ ዓይኔን ተክዬ «እሺ» አልኩ።

አባዬ ዛሬ ሦስት ጉርሻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ንግግሩን ጽፌ ጨረስኩ። ሁለት ገጽ። ጉዳቱን ሁሉ አስገባሁ፣ አእምሮ ያናውጣል፣ ወጣት ላይ ይብሳል፣ ሥራ ያስጠላል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ሆኖም በማይድን በሽታ ለሚሰቃይ ሰው፣ በሐኪም ቁጥጥር ሥር፣ ሕመም ማስታገሻ ሊሆን ይችል እንደሆነ ቢጠና መልካም ነው።» ይህን ሳልጽፍ ብቀር አባዬን ቀና ብዬ የማየው አልመሰለኝም።

መምህር ደቻሳ እጁ ላይ ያለውን ቁስል ሊያሳሽግ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ልጅ ሆነን አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ፋሻውን እየጠቀለልኩለት «እሁድ እናገራለሁ» አለኝ። ለመድኃኒት ይፈቀድ፣ ለሌላው ይከልከል ሊል ነው።

«ተው ደቻሳ።»

«ውይይት ነው ብለዋል እኮ። ያለ ምንም ፍርሃት ብለው ጽፈዋል።»

«ለዚህ ነው ተው የምልህ።»

ሳቀ። የሱ ሳቅ ሁልጊዜ ያስቆጣኛል፣ ነገሩን ሁሉ እንደ ፈተና ጥያቄ ነው የሚያየው። ትክክለኛ መልስ ካለው የሚያርመው ሰው ማርክ የሚሰጠው ይመስለዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ቅጠሉ ሊያልቅ ሆነ። ከምሳ በፊት ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅኩ። ያለቻቸውን ሰጡኝ፣ ከእፍኝ አትበልጥም።

«ከዚህ በኋላ የለኝም። ያመጣልኝ ዘመዴም ከእንግዲህ አላመጣም ብሎኛል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጣ» አሉ። «ያን ቅጠል ሽጥልኝ ይላል። እኔ ሸጬ አላውቅም አልኩት። አዲስ ጫማ አድርጓል፣ ጭቃ ያልነካው። በዚህ በአምቦ ጭቃ!»

ካቺሲ ከተማ እህት እንዳላቸው ስለማውቅ ለጥቂት ቀን እዚያ ሄደው እንዲቆዩ ለመንኳቸው።

«ሱቄን ዘግቼ ብሄድ አዎ አልኩ ማለት ነው» አሉ። ጥቁር አዝሙድ ሰፍረው ቋጠሩልኝና «ይህን ያዢ፣ ምን ልትገዢ እንደመጣሽ የሚጠይቅ አይጠፋም» አሉኝ። እውነትም ስወጣ ማዶ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው ነበር። ጫማው ግን ንጹሕ ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 9

የቀበሌው ካድሬ ክሊኒክ ድረስ መጣ። ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ንግግርሽን ልየው፣ ጓድ አበበች» አለ። ቆሞ አነበበ። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንደቆመ አየሁ። ይሰርዛታል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲሰርዛት ተመኘሁ።

«ይቺ ቆንጆ ናት» አለ። «ትቆይ። ሰው አፉን እንዲከፍት ታደርጋለች።»

ከታች «ታይቷል» ብሎ ፈርሞ መለሰልኝ። ከሄደ በኋላ መርፌ ልትወጋ የምትጠብቅ አንዲት እናትን ለጓደኛዬ አሳለፍኩ።

ቤት ስገባ አባዬ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የምታጠጪኝ ነገር ምንድነው?» አለኝ። የቀበሌውን በር ወሬ ሰምቷል። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ነገርኩት። ዕድሜ ልኩን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሲያስብ አሁንም መዳፉን ያሻል።

«ለእኔ ብለሽ አትታሰሪ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ለእኔ ብለሽም ሰው ፊት አትዋሺ» አለ። «ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን እኔም አላውቅም።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ገበያ ነው። ደቻሳን ላስጠነቅቀው ቤቱ ሄድኩ። አከራዩ «ጊንጪ ለቅሶ ሄዷል፣ ነገ ከመኪና ሲወርድ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ነው» አሉኝ። ወረቀት ልተውለት ብዬ ጀመርኩ፦ «ደቻሳ፣ እባክህ...» ቀጥሎ ምን ልጻፍ? ቀደድኩት። ቅዳጁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገበያውን ሁሉ ዞርኩ፣ የምጥልበት ቦታ አጣሁ። ቤት አምጥቼ አቃጠልኩት።

ነገ ያቺን ዓረፍተ ነገር አላነባትም። ማንም አፉን በእኔ ምክንያት አይከፍትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 11

እንደሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ የመጡ፣ ጸሎታቸውን አቋርጠው የመጡ ጴንጤዎች፣ ሁሉም አለ። መድረኩ ላይ ካድሬው፣ ሊቀ መንበሩና መዝገብ የዘረጋ ጸሐፊ። የሚናገር ሰው መጀመሪያ ስሙን እስከ አያት ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል።

እኔ ቀደምኩ። ጉዳቱን አነበብኩና መጨረሻዋን ዘልዬ ልቀመጥ ስል ካድሬው «የረሳሽው ነገር የለም፣ ጓድ አበበች?» አለኝ።

«የለም።»

ፈገግ አለ።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የወንድማቸው ልጅ ይህን እያጨሰ አእምሮውን ስቶ ከግድግዳ ጋር ያወራል። «ይፈቀድ የሚለኝ ሰው ቤቴ መጥቶ አንድ ቀን ይዋል» አሉና አለቀሱ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸውም ያዩትን ነው የተናገሩት። ቀጥላ አንዲት ሴት «አረቄስ? ባሌን የገደለው አረቄ ነው፣ እሱን ማን ነቅሎ በር ላይ ሰቀለው?» አለች። ሰው ሳቀ። ጸሐፊው የሷንም ስም ጻፈ።

ከዚያ ደቻሳ። የመንገድ አቧራ ገና ከኮቱ አልረገፈም። ወጣቱ እንዳያጨስ መከልከሉን እደግፋለሁ አለ። ለሚሞት ሰው ግን ሌላ መድኃኒት ከሌለ በሐኪም እጅ ይሰጥ፤ ሕግ ይህን ሊለይ ይችላል። ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ነው የተናገረው።

ካድሬው ወደ ጸሐፊው ዞሮ «በደንብ ጻፍ» አለ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ፦ «ጓዶች፣ ሐሺሽን በመድኃኒት ስም የሚያስገቡት እነማን እንደሆኑ ስንፈልግ ነበር። ይኸው በገዛ አፋቸው ተናገሩ።» በሩ ጋ የነበሩት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከግድግዳው ተላቀቁ።

እጄን መቼ እንዳነሣሁ አላውቅም። ቆሜ ነበር።

«ጓድ፣ አሁን አስታወስኩ። የረሳሁት ነገር ነበረ።» ወረቀቱን ዘርግቼ ያቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነበብኩ። በኦሮምኛ ደገምኩ። «መምህር ደቻሳ ያለው ከዚህ አይለይም። ይህ ደግሞ አርብ ዕለት በእርስዎ ታይቶ ጸድቋል። ታይቷል ይላል፣ ፊርማዎም አለ።» ወረቀቱን ከፊት ለተቀመጡት አሳየሁ። አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ «አዎ፣ ፊርማ አለው» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ታፈነ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፣ ካድሬውን አየው። ካድሬው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ለውይይት መነሻ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተወያይተናል። እንቀጥል።» ጠባቂዎቹ ተመልሰው ግድግዳው ጋ ቆሙ።

ደቻሳ ሲወጣ አጠገቤ አልፎ ሄደ። ፊቱ አመድ መስሏል። አልሳቀም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጋሽ ከድርን ወሰዷቸው። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ። ከረጢቱን ሁሉ መሬት ላይ ደፍተው ፈትሸዋል፣ ከሥራ ስመለስ ሰው በፈሰሰው እርድና ጥቁር አዝሙድ ላይ እየተራመደ ያልፋል። ምንም አላገኙም። ምክንያቱም ያለው እኔ ቤት ነው።

ስሜን ይጠሩ ይሆን? ቢጠሩም አልፈርድባቸውም። ይህን እጽፋለሁ እንጂ መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

አቶ ሰይፉ «ያን የተፈረመበትን ወረቀት ካድሬው ይፈልገዋል» አሉኝ። ቤት ነው አልኩ። «አምጪውና እንገላገል» አሉ። ስለ እኔ አስበው ይሁን ስለ ራሳቸው አልገባኝም። አባዬ ቅጠሉን እንቢ አለ። «ከድር ታስሮ እኔ አልጠጣም።» ምንም አልበላም። ሁለት ጊዜ አስመለሰው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ካድሬው ቤቴ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብቻውን። አባዬን «አከም ኦልተን፣ ኦቦ ቶሎሳ» ብሎ ሰላም አለውና አልጋው ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ አስገባ። አልተነሣም።

«እናቴ ያለችው ጌዶ ነው» አለ። «እጢው ጡቷ ላይ ነው። በጀርባዋ መተኛት ካቆመች ወር ሆናት።» ከዚያ አባዬን እያየ እኔን ጠየቀኝ፦ «እውነት ያስተኛል?»

አዎ ብል አመንኩ ማለት ነው። አይ ብል... ፊቱን አየሁ፣ ምንም የሚነበብ ነገር የለበትም።

«አላውቅም፣ ጓድ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። አባዬ «እናት አለችው ወይስ የለችውም?» አለ። «እሱን አውቀሽ ነው የምትፈርጂው።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

የክትባት መኪና ጌዶ እንደሚሄድ ሰምቼ ራሴ ተመዘገብኩ። ሥራ ስንጨርስ የካድሬውን እናት ቤት ጠየቅኩ። ቤቱን አሳዩኝ። እናትየው እውነትም አሉ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው። ቁስሉን አጠብኩላቸው። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ስንት ቀን አልተኙም?» አልኳቸው። በእጃቸው ብቻ መለሱልኝ፣ መቁጠር ትቻለሁ ለማለት።

ይዤው የሄድኩትን የቅጠሉን ግማሽ ለምታስታምማቸው ለልጃቸው ሚስት ሰጠሁ። በወተት፣ አጥልለሽ፣ በሻይ ማንኪያ። ማን እንደሰጣት እንዳትናገር አላልኳትም። ማን እንደሰጣት ያው ይታወቃል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ጋሽ ከድር ዛሬ ጠዋት ተፈቱ። አንድ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። ለማን እንደሰጡ አምስት ቀን ጠይቀዋቸዋል፣ «ለሟች ሚስቴ» ብቻ ብለዋል። ነገ ካቺሲ እህታቸው ጋ ይሄዳሉ። ሱቁን ለወንድማቸው ይተዋሉ።

ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሕዝቡ ተወያይቶ ሐሺሽ እንደተከለከለ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወስኗል ይላል፤ ይዞ የተገኘ ሁሉ፣ ለመድኃኒትም ቢሆን፣ በአብዮታዊ እርምጃ ይቀጣል። ከታች የካድሬው ፊርማ። እጅ ሲነሣ እኔ አላየሁም። ደቻሳ አጠገቤ ቆሞ አነበበና «ሰኞ ፈተና አለብኝ» ብሎ ሄደ።

ካድሬው ከሰዓት መንገድ ላይ አገኘኝ። ሰዎች አብረውት ነበሩ። «ጓድ አበበች» አለ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እናቱ ተኝተው ይሆን? ወይስ ለእኔ ቀን እየጠበቀልኝ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

አባዬ የጋሽ ከድርን መፈታት ስነግረው ወተቱን ተቀበለኝ። ሁለት ማንኪያ ጠጣ። አሁን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። የቀረው ቅጠል የስድስት ቀን ነው።