ሰሌዳው ሥር ስለ ቆምንበት እሑድ

ለክቡር ዶክተር ሽቴገማን
የሦስቱ ሸለቆዎች የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበር የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና እሑድም ሳይቀር ያለ ችግር እንደሚነሣ ለማልጠራጠረው መኪናዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ሮስቪታ ካምፕ እባላለሁ፤ በላይፕዚግ ከተማ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። እርስዎ ባያውቁኝም ማኅበርዎ ያውቀኛል፤ ባለፈው ወር «አውቶቡስ ጠርተው ያልተገኙ ተሳፋሪ» ብሎ በጽሑፍ ገሥጾኛል። ተግሣጹ እጅግ ባማረ ወረቀት ላይ ስለ ደረሰኝ መልሱን በጓዳ ማስቀረት ነውር መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጉዟችን። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ አምስት ሆነን ለአምስት ሰው በሚያገለግል አንድ የጋራ ትኬት ጠዋት ከከተማ ወጥተን ማታ እንመለሳለን። አንዳችን ከታመመ ጣቢያው በር ላይ ቆመን «የሚቀላቀለን አለ?» እያልን አምስተኛ ሰው እንፈልጋለን፤ ሁልጊዜም ይገኛል። መንገዱን የምንመክረው ረቡዕ ረቡዕ በጓደኛዬ በገርሊንዴ ወጥ ቤት ነው። እርሷ የፕለም ኬክ ትቆርሳለች፤ የቀድሞው የትራም ነጂ አቶ ፖልማን የጉዞ ሰሌዳውን እንደ ዳዊት ይደግሙልናል። አራታችን የምንሄደው ለጫካውና ለንጹሕ አየሩ ነው። ገርሊንዴ የምትሄደው ግን በኤርለንታል መንደር የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ላለችው ለታላቅ እኅቷ ለኤልፍሪዴ ነው። ኤልፍሪዴን የማስታወስ ችሎታዋ ከቀን ወደ ቀን እየከዳት ነው። ገርሊንዴም «ሮስቪታዬ፣ አንድ ወር ከቀረሁ ትረሳኛለች» ብላኛለች። ይህን ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥሪው። ቀድሞ ባቡራችን የመጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ የኤርለንታል አውቶቡስ ሞተሩን እያሞቀ ይጠብቀን ነበር። ማኅበርዎ ይህን ኋላ ቀር ልማድ አስቀርቶ ካልጠሩት የማይመጣ አውቶቡስ ስለ ሰጠን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔም ቅዳሜ ደውዬ፣ የማስጠበቂያውን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው አዳምጬ፣ አምስት መሆናችንንና የምንሳፈረው ጣቢያው ፊት ለፊት መሆኑን ተናገርሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «መልካም ጉዞ!» አለችኝ። ማቆሚያው ወደ አደባባዩ ማዶ መዛወሩን ያልነገረችኝ ደስታችንን ላለማበላሸት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰሌዳው። ማቆሚያው ቢዛወርም የማቆሚያው ምልክት ሰሌዳ ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ በቀድሞ ቦታው ቆሞ ነበር። እኛም እንደ ሥርዓታችን ከሥሩ ተሰለፍን። አውቶቡሱ መጣ፤ ማዶ፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ቆመ።

«ያ የኛ አይደል እንዴ?» አለች ገርሊንዴ።

«ኧረ ተይ! ሰሌዳው እዚህ ነው» አሉ አቶ ፖልማን። «አውቶቡስ የሚቆመው ሰሌዳ ያለበት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ትራም ነድቼ ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«ሮጬ ልጠይቀው በቃ።»

«መብራቱ ቀይ ነው እኮ! ወዴት ነው የምትሮጪው?»

ክቡር ሆይ፣ በአደባባዩ ላይ መኪና ቀርቶ ውሻ እንኳ አይታይም ነበር። መብራቱ ግን ቀይ ነበር። እኛ ደግሞ በዚህ አገር ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰሌዳ እናምናለን፣ ለመብራት እንታዘዛለን። አምስት ሽማግሌዎች ምሳችንን ይዘን እንደ ቆምን አውቶቡሱ ባዶውን በሩን ዘግቶ ሄደ። ገርሊንዴ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

እሑድ ሌላ አውቶቡስ የለም። የታክሲው ስልክ አይነሣም። ገርሊንዴ የኬኩን ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ወንበር ላይ ሳለች ከመኖሪያው ተደወለላት። ኤልፍሪዴ ከማለዳ ጀምሮ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች፤ «ዛሬ እኅቴ ትመጣለች» እያለች ቁርስ እምቢ ብላለች፤ ትደርሳላችሁ ወይ? ገርሊንዴ በመልሱ ባቡር አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ተግሣጹ። አውቶቡሱ በሰዓቱ በቦታው መገኘቱን፣ ተሳፋሪ አለመገኘቱን፣ ይህ ከተደገመ የመጥራት መብታችን እንደሚታገድ ጽፈውልናል። ከቃሉ አንዱም ሐሰት የለበትም፤ እንዲህ ያለ እውነት ለመጻፍ ብዙ መማር ያስፈልጋል። ሰሌዳውም በሳምንቱ ወደ ማዶ ተዛውሯል። አቶ ፖልማን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለዋል፤ እኔ ጨዋ ስለሆንሁ አልልም።

ካሣ አልጠይቅም። ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ እንደማይኖርዎ እረዳለሁ። የምለምነው ተግሣጹ ከእኔ ስም ላይ ተነሥቶ ለሰሌዳው እንዲሰጥልኝ ብቻ ነው፤ ያለ ቦታው ቆሞ የተገኘው እርሱ ነውና።

እርስዎ ባዘዙት ቦታ፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ በአክብሮት ቆማ የምትጠብቅ፣
ሮስቪታ ካምፕ

ማስታወሻ፦ በዚህ ወር ተሳክቶልን ኤርለንታል ደርሰናል። ኤልፍሪዴ ከወንበሯ ተነሥታ ገርሊንዴን እንደ እንግዳ ጨበጠቻት። «እንኳን ደህና መጡ፣ ማን ልበል?» አለቻት። ቀጥላም እንግዳዋ እንዳይከፋት፣ «በአውቶቡስ ነው የመጡት? ጥሩ ነው ይባላል» አለች። ገርሊንዴ እጇን ሳትለቅ «አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብላ መለሰችላት። ማኅበርዎ የተሳፋሪዎችን አስተያየት እንደሚሰበስብ ስለማውቅ፣ ይህን አንዲት ቃል ሳልጨምር አቅርቤልዎታለሁ።